ከጀርባው የተጻፈ ስም

ሜዳሊያው ትንሽ ነው። ወርዱ 32 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በዘመኑ ከነበሩት ሌሎች የጦር ሜዳሊያዎች ጎን ቢያኖሩት ታናሽ ወንድማቸው ይመስላል። የተሠራው ከብር ነው። በፊት ገጹ መካከል ንግሥት ቪክቶሪያ ዘውድ ደፍታና ዓይነ ርግብ ለብሳ ትታያለች። በዙሪያዋ ባለ ዘጠኝ ጫፍ ኮከብ ተቀርጿል፤ በጫፎቹም መካከል አንዳንድ የላቲን ፊደል ተቀምጧል። ዘጠኙን ፊደላት አዙሮ ያነበበ ሰው «አቢሲኒያ» የሚል ቃል ያገኛል። በእኛ ፊደል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ኮከቡን አምስት ጫፍ ይበቃው ነበር።

የአገር ስም በባዕድ ንግሥት ራስ ዙሪያ ተበትኖ ማየት ደስ አይልም። ሆኖም ይህን ሜዳሊያ ከሌሎቹ ልዩ የሚያደርገው ፊቱ ሳይሆን ጀርባው ነው። ሌሎቹ የጦር ሜዳሊያዎች የባለቤታቸውን ስም በጠርዛቸው ላይ፣ ዓይን በማያርፍበት ስፍራ ያሰፍራሉ። የአቢሲኒያው ሜዳሊያ ግን የወታደሩን ስምና የክፍለ ጦሩን መጠሪያ በጀርባው መካከል፣ በቅጠል አክሊል ከብቦ ይዟል። 14,000 ገደማ ሜዳሊያዎች ተሰጥተዋል፤ ስለዚህም 14,000 ገደማ ስሞች አንድ በአንድ መጻፍ ነበረባቸው። የእንግሊዛውያኑ ስም ከብሩ ጋር ጎልቶ እንዲወጣ ሆኖ ተቀርጿል። የብዙዎቹ ሕንዳውያን ስም ደግሞ ሜዳሊያው ካለቀ በኋላ ወደ ውስጥ ተመትቶ ገብቷል። ጎልቶ የወጣው ስምና ተመትቶ የገባው ስም በጣት ሲዳሰሱ ይለያያሉ።

እኔ ያየሁት በፎቶግራፍ ነው። ለንደን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው የላከልኝ። «ጋሼ፣ ይህ ሐራጅ ላይ ወጥቷል። መቅደላ የዘመተ የሕንድ ወታደር ነው። ገዝቼ ወደ አገር ቤት ልመልሰው ወይ? ምን ይሉኛል?» ሲል ጻፈልኝ። ልጁ እዚያው ያደገ ነው፤ የአማርኛ ፊደልን የቆጠረው ከትምህርት በኋላ በቅዳሜ ነው። «ወደ አገር ቤት ልመልሰው» የሚለው ቃሉ ልቤን ነካው። ወዲያው አልመለስኩለትም።

ሥራዬ ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ አቅራቢያ ነው። አቤቱታ እጽፋለሁ፤ ማመልከቻ አዘጋጃለሁ፤ ሰነድ አባዛለሁ። ወደ ሱቄ የሚገባውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ስሙን፣ የአባቱን ስምና የአያቱን ስም ነው። የወራሽነት ማረጋገጫ የሚሻ ሰው የሟችን ስም አንዲት ፊደል አዛብቶ ቢነግረኝ ወራት ሊንገላታ እንደሚችል አውቃለሁ። «ወልደ» ከ«ወልዴ» ይለያል፤ «ኃይሌ» ከ«ኃይሉ» ይለያል። የሐራጅ ማስታወቂያም ብዙ አይቻለሁ፤ የዕቃው ዓይነት፣ የመነሻው ዋጋ፣ የሚሸጥበት ቀንና ሰዓት። ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ ጀርባ አንድ የተዘጋ ቤት፣ አንድ ያልተከፈለ ዕዳ ወይም የማይነጋገሩ ወንድማማቾች እንዳሉ ለማወቅ የሕግ ትምህርት አያስፈልግም።

እናም ያንን ፎቶግራፍ በዚህ ዓይን ተመለከትኩት። በቅጠሉ አክሊል ውስጥ አንድ የግል ስም አለ፤ ከሥሩ «ሲንግ» ይላል፤ ዝቅ ብሎ «23ኛ ፑንጃብ ፓዮኒርስ» የሚል አለ። የአባት ስም የለም፤ የአያት ስም የለም። «ሲንግ» የአባት ስም አይደለም፤ የሲክ ወንዶች የሚጋሩት መጠሪያ ሲሆን ትርጉሙም «አንበሳ» ነው። የራሱን የግል ስም እዚህ አልጽፈውም። ባለጉዳዩ ሳይፈቅድ ስሙን አደባባይ አለማውጣት የሙያዬ ልማድ ነው፤ የዚህ ባለጉዳይ ፈቃጆች ደግሞ፣ ዛሬ በሕይወት ካሉ፣ ፑንጃብ ውስጥ ናቸው።

ለመሆኑ ይህ ሰው ማን ነበር? የግል ታሪኩን ማንም አልጻፈለትም፤ የክፍለ ጦሩ ታሪክ ግን ይታወቃል። «ፓዮኒር» ማለት ጠመንጃውን በአንድ ትከሻ፣ ዶማና አካፋውን በሌላው ተሸክሞ ከጦሩ ፊት ፊት እየሄደ መንገድ የሚጠርግ ወታደር ነው። 23ኛው የፑንጃብ ፓዮኒር በ1857 (እ.ኤ.አ.) ሲመሠረት የተመለመሉት በአብዛኛው መዝሃቢ የሚባሉ ሲኮች ናቸው። እነዚህ በአገራቸው የዘር ደረጃ ከታች የተቀመጡ፣ ቆሻሻ የመጥረግ ሥራ የተተወላቸው፣ ሌላው ሰው አብሯቸው ማዕድ የማይቆርስ ሰዎች ነበሩ። የመስኖ ቦይ በመቆፈር ላይ ሳሉ ነው ለጦር የተወሰዱት። ይህን ስናነብ «ምን ዓይነት አገር ነው!» ብለን እንዳንፈርድ፣ እኛም ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ቀጥቃጩን በምን ስም እንጠራው እንደ ነበር ማስታወስ ይገባናል።

በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ገደማ ሁለት የመንገድ ሥራዎች በአንድ ጊዜ ተጀመሩ። አንዱ ከሰሜን ነው። የእንግሊዝ ጦር ቀዳሚ ክፍል ከቦምቤይ በመርከብ መጥቶ ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ አረፈ። ከዚያ እስከ መቅደላ ወደ 640 ኪሎ ሜትር ነው። ለዚያ ሁሉ ሰው፣ በቅሎ፣ ግመልና መድፍ ለሚሸከሙ 44 ዝሆኖች መንገድ መውጣት ነበረበት። ከባሕሩ ዳር የባቡር ሐዲድ ሳይቀር ተዘረጋ። ድንጋይ የፈለጡት፣ ገደል የደለደሉት በአብዛኛው ሕንዳውያን ናቸው። ከጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደሮች መካከል እንግሊዛውያኑ 4,000 ገደማ ሲሆኑ የቀሩት የሕንድ ልጆች ነበሩ። የጭነትና የአገልግሎት ሠራተኛው ቁጥር ደግሞ ከወታደሩ ይበልጥ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ከምዕራብ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቀው፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። በቴዎድሮስ አደባባይ የምናየው የዚያ መድፍ አምሳያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ድንጋይ በእጃቸው እያነሡ፣ ቁጥቋጦ እየመነጠሩ፣ ከወታደራቸው ጋር መንገድ ሲሠሩ ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። በኋላ መንገዱን ያዩት እንግሊዛውያን ራሳቸው አድንቀውታል። የእጅ ሥራ በሚናቅበት አገር ንጉሥ ድንጋይ ተሸከመ፤ የእጅ ሠራተኛ በሚናቅበት በሌላ አገር ደግሞ የተናቀው ሰው ዶማውን እንደ ያዘ ወታደር ሆነ። እነዚህ ሁለት መንገዶች የተገናኙት ከመቅደላ ግርጌ፣ እሮጌ ሜዳ ላይ ነው።

ቀኑ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ የስቅለት ዕለት ነበር። ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን ይዘው ከተራራው ወደ ሜዳው ወረዱ። ሰማዩ ነጎድጓድና ዝናብ ይዞ ነበር። እንግሊዛውያኑ እግረኞች የያዙት አዲሱን፣ ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ጠመንጃ ነው፤ አባቶቻችን በኋላ «ሰናድር» ያሉት እርሱን ነው። የእኛ ሰው ጦር ወርውሮ ሊያደርስ ከሚችልበት ርቀት ገና ሳይገባ ይወድቅ ጀመር።

ፓዮኒሮቹ ግን ሰናድር አልነበራቸውም። ከ1857ቱ (እ.ኤ.አ.) የሕንድ ወታደሮች አመፅ ወዲህ እንግሊዞች የተሻለውን መሣሪያ ከሕንዶቹ እጅ አርቀው ለራሳቸው ሰው ማስቀደም ልማዳቸው ሆኖ ነበር። ስለዚህ 23ኛው ክፍለ ጦር ያሮጌውን፣ በአፈሙዙ የሚጎርሰውን ጠመንጃ ይዞ ቆመ። ከሸለቆው አፍ ላይ ሆኖ መድፈኞቹንና ጓዙን እንዲጠብቅ ታዘዘ፤ የእኛም ሰው ወደዚያ በኩል ጎረፈ። እዚያ ስፍራ የነበረው ጦርነት የእጅ በእጅ ነበር፤ ሳንጃ ከጦርና ከጎራዴ ጋር። በዚያ ቀን ከጠላት ጋር ትንፋሹን እስኪሰማ ድረስ ቀርቦ የተያየ የኢትዮጵያ ወታደር ካለ፣ ያየው ፊት በአብዛኛው የእንግሊዛዊ አልነበረም፤ ጥምጥም የጠመጠመ፣ ጢሙን ያሳደገ፣ የጠይም ሰው ፊት ነበር።

ከናፒየር ወገን 20 ያህል ሰዎች ቆሰሉ፤ ከእነርሱም ሁለቱ በኋላ ሞቱ። ከእኛ ወገን የሞተው 700 ገደማ እንደሚደርስ ይገመታል፤ የቆሰለውም ከዚያ ይበልጣል። ገብርዬም እዚያው ወደቁ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በፋሲካ ማግሥት ሚያዝያ 6፣ መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው አለፉ።

የመቅደላን በር በመድፈራቸው ሁለት ወታደሮች የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት፣ የቪክቶሪያ መስቀልን ተቀብለዋል፤ ሁለቱም ከ33ኛው የእንግሊዝ ክፍለ ጦር ናቸው። የሕንድ ወታደር ለዚያ መስቀል መታጨት አይችልም ነበር። ይህ የተፈቀደለት በ1911 (እ.ኤ.አ.) ነው። ለሁሉም የተሰጠው ሽልማት ያ ትንሽ ብር ነው። አንበሳ የሚባለው መንገድ ጠራጊም ድርሻው እርሱ ሆነ።

ፎቶግራፉን ለእናቴ ያሳየኋት በግንቦት ልደታ ምሽት ነው። ንፍሮው ከደጅ ቀርቦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የኮንዶሚኒየሙ ልጆች በብሎኮቹ መካከል ይሯሯጣሉ። እናቴ የደላንታ ልጅ ናት። ደላንታ ከመቅደላ አሻግሮ የሚታይ ሜዳ ነው። እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፉትን ብራና፣ መስቀል፣ ጽዋና ዘውድ በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ጭነው፣ ሐራጅ ብለው ለራሳቸው መኮንኖችና ለሙዚየም ሰው የሸጡት እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፍሏል። ስለዚህ በእናቴ አገር ሐራጅ አዲስ ነገር አይደለም።

ስልኩን ከዓይኗ ራቅ አድርጋ ይዛ ቆየች። «ይህ የማን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምክንያት አላትና። እናቴ ትውልዷን እስከ ሰባት ቤት ትቆጥራለች። ቅድመ አያቷ ዘንድ ስትደርስ ግን ሁልጊዜ አንድ ጊዜ ትቆማለች፤ «ወንድሙ ደግሞ መቅደላ የቀረው ነው» ትላለች። ስሙን ስትጠራ ሰምቻት አላውቅም። ሳይወልድ የሞተ በመሆኑ በስሙ የሚጠራ ልጅ የለውም፤ ስሙን የያዘለትም አልነበረም። ሙታን በስመ ክርስትናቸው በሚታሰቡበት ጊዜ እንኳ እርሱን የሚያስጠራበት ስም የላትም። «መቅደላ የቀረው» ብቻ ነው።

አልተቆጣችም። «ይህ ሰውዬ አገሩ ገብቷል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሜዳሊያው የታዘዘው ጦርነቱ ካለቀ ከዓመት በኋላ በመሆኑ ገብቶ ሊሆን እንደሚችል ነገርኳት።

«ታዲያ ብሩ እንዴት ከቤቱ ወጣ?»

እንግሊዝ አገር ሰብሳቢዎች ይገዙታል፣ ይሸጡታል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «እርሱን አላልኩህም። መጀመሪያ የወጣበትን ነው። የእናቴን አልቦ የሸጥኩት በ77 ነው። ሁለት የእግር አልቦ ለአንድ ቁና ገብስ። ብር ከቤት የሚወጣው እህል ሲጠፋ ነው፤ አለዚያ ማንም የአባቱን ስም አይሸጥም።»

እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሜዳሊያውን የማስበው በአገር ደረጃ ነበር፤ እንግሊዝ፣ ሕንድ፣ ኢትዮጵያ። እናቴ ግን ያየችው አንድ ቤት ነው፤ የጎተራው ወለል የሚታይበት ቤት። አንድ የልጅ ልጅ የአያቱን ብር በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ገበያ ሲሄድ ነው የታያት። በሱቄ የሐራጅ ማስታወቂያ ስመለከት የማስበውን ነገር እርሷ ከእኔ ቀድማ አሰበችው።

አንባቢ ሆይ፣ ለሕንዱ ወታደር ጥብቅና መቆሜ አይደለም። ማንም አስገድዶም ይሁን ቀጥሮ ቢያመጣው፣ ሳንጃው የሰው ሳንጃ ነው፤ የወደቁትም የእኛ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የዚያ ሰው ዘር ከእኛ ጋር ያለው ታሪክ እሮጌ ላይ አላበቃም። በ1933 ዓ.ም. የሕንድ ክፍለ ጦሮች እንደ ገና መጡ፤ በዚህ ጊዜ ጣሊያንን ለመውጋት። በከረን ተራሮች ላይ ብዙ ሕንዳውያን ወድቀዋል። አምባ አላጌ ላይ የአውስታው መስፍን እጁን ሲሰጥ ከከበቡት መካከል የሕንድ ወታደሮች ነበሩ። በዚያው ዓመት ጥር መጨረሻ ላይ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የሚባል የ22 ዓመት ምክትል መቶ አለቃ ከመተማ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ለአራት ቀናት፣ በ88 ኪሎ ሜትር ርዝመት ውስጥ 15 የተቀበሩ የፈንጂ ስፍራዎችን አጸዳ። ተሽከርካሪው ሁለት ጊዜ ፈንጂ ላይ ወጣች፤ የአንድ ጆሮው ታምቡር ተቀደደ። ተተኪ ቢላክለት «ሥራውን አሁን ከማንም ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝ» በሚል ምክንያት አልመለስም አለ። በዚያ ዓለም ጦርነት የቪክቶሪያ መስቀልን በመቀበል የመጀመሪያው የሕንድ መኮንን እርሱ ነው። ክፍለ ጦሩ የቦምቤይ መሐንዲሶች ነው፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ መንገድ ካወጡት አንዱ። ያው ክፍለ ጦር፣ በዚያችው አገር፣ እንደ ገና መንገድ ሲጠርግ ነበር።

ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ መጡ፤ ጠመኔ ይዘው። እኔን ደሴ ላይ ሒሳብ ያስተማሩኝ ሕንዳዊ ናቸው። በየክፍለ ሀገሩ፣ መብራት በሌለባቸው ከተሞች ሳይቀር፣ የሕንድ መምህር ያላስተማረው የእኔ ዘመን ሰው ጥቂት ነው። የመምህሬ አነጋገር ሲያስቀን፣ የሰሌዳው አቧራ በጥቁር ኮታቸው ላይ ሲያርፍ፣ ስለ እሮጌ አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም። እሳቸውም አላነሡም። በመጽሐፋችን ውስጥ «እንግሊዞች መቅደላን ወጉ» ተብሎ ተጽፎ ነበርና፣ መቅደላ ላይ የነበረው አብዛኛው ሰው የእሳቸው አገር ሰው መሆኑን እኛ ተማሪዎቹ ከመጽሐፉ ልናውቀው አንችልም ነበር።

ለእህቴ ልጅ ጻፍኩለት። እንዲህ አልኩት፦

«ከመቅደላ የተወሰደ ነገር ካየህ፣ ብራና ይሁን መስቀል፣ ጩኽ። የልዑል ዓለማየሁ አጽም ይመለስልን ተብሎ ተጠይቆ በ2023 (እ.ኤ.አ.) እምቢ ሲባል አንተው ነህ በሐዘን የጻፍክልኝ፤ ትክክል ነበርክ። የንጉሡ ፀጉር በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሲመለስም አብረን ደስ ብሎናል። እነዚህ ከእኛ የተወሰዱ ናቸው። ይህ ሜዳሊያ ግን ከእኛ አልተወሰደም። በእኛ ላይ ለተሠራ ሥራ ለሌላ ሰው የተከፈለ ዋጋ ነው። ስለ እኛ ነው እንጂ የእኛ አይደለም። የአገራችን ስም ፊቱ ላይ ስላለ ወደዚህ ብታመጣው፣ ጀርባው ላይ ያለው ስም ሁለተኛ ጊዜ ከቤቱ ይርቃል። ከገዛኸው ዘሮቹን ፈልገህ ለመስጠት ግዛው። ያን ማድረግ ካልቻልክ፣ ፎቶግራፉን አስቀርና ተወው።»

ልጁ ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን እንደሚጫረት፣ ከረታም የክፍለ ጦሩን የታሪክ መዛግብት ይዞ ቤተሰቡን እንደሚፈልግ ጻፈልኝ። በሐራጁ ዕለት ግን ዋጋው ከአቅሙ በላይ ሄደ። ማን እንደ ገዛው አልተነገረም። አሁን በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ፣ ከሌሎች ሜዳሊያዎች ጋር፣ ቀይና ነጭ ጥብጣቡን እንደ ያዘ ተኝቶ ይሆናል።

ለእናቴ ስነግራት «ስሙን አልጻፍከውም?» አለችኝ። ጽፌዋለሁ አልኳት። «አንብብልኝ» አለች። አነበብኩላት። ለአንደበቷ አስቸገራትና ሦስት አራት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ከዚያ ያዘችው። «ሲንግ» የአባቱ ስም እንዳልሆነ ባስረዳትም አልተቀበለችኝም፤ ያለ አባት ስም ሰው አይጠራም ባይ ናት።

ከዚያ ወዲህ ትውልዷን ስትቆጥር ቅድመ አያቷ ዘንድ ደርሳ እንደ ልማዷ ትቆማለች። «ወንድሙ መቅደላ የቀረው ነው» ትላለች። ጥቂት ዝም ብላም የዚያን ሰው ስም ትጠራና «የሲንግ ልጅ» ብላ ወደ ቀጣዩ ቤት ታልፋለች።